የሻንጣው ሚዛን

ከአዲስ አበባ የወጣሁበት ማታ ሲነሣ ሰው ሁሉ የለቅሶ ታሪክ ይጠብቃል። እኔ ግን ከዚያ ማታ ጎልቶ የሚታየኝ ሚዛን ነው። ሰው ቆሞ የሚመዘንበት፣ ጠፍጣፋ የመስታወት ሚዛን። የተገዛው ለሻንጣዬ ነበር። የሚፈቀድልኝ ሃያ ሦስት ኪሎ ስለሆነ፣ ነፋስ ስልክ ባለው ቤታችን ሳሎን መሐል ሚዛኑን አስቀምጠን፣ አክስቴ እቴቴ ዘነበች የጨመረችውን እኔ ሳወጣ፣ እኔ ያወጣሁትን እሷ መልሳ ስትከት አመሸን።

አስተማሪ ነኝና ማስረዳት ይቀናኛል፤ ታገሡኝ። ሻንጣ እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ሲጋደም ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ብቻውን ይቆማል፤ ቀጥሎ ሻንጣውን አቅፎ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀነሳል። ለቡ መብራት ኃይል አጠገብ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ስለነበር፣ ያን ማታ እንኳን «ይሄ ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል» ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

«አምጪው፣ እኔ ልያዘው» አለ አባቴ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ እየወረወረ።

«አባዬ፣ አንተ ከባድ ነገር ማንሣት ተከልክለሃል።»

«ይቺን? የለቡን የግቢ በር ሁሉ በዚህ ትከሻ አይደል እንዴ የተከልኩት?»

«ያኔ ልብህ ጤነኛ ነበር።»

«አሁንስ ምን ሆነ? ይኸው አለሁ አይደል?»

አባቴ ቦጋለ የብየዳ ባለሙያ ነበር። በልጅነቱ ከሆሳዕና መጥቶ፣ ሙያውን ለምዶ፣ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ በርና መስኮት ሲሠራ ኖሯል። ደረቱ ሰፊ ነው። «ቦጋለ ሲመጣ ደረቱ ቀድሞ ይደርሳል» እያሉ የሰፈሩ ሰዎች ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም ቀልዱን ይወደዋል። የደረቱን ነገር ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ትደርሱበታላችሁ። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስላረፈች ያሳደገችኝ እህቱ እቴቴ ናት።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ዓመት ሐኪም ልብ ድካም አለብህ አለው። ልብ ድካም ሲባል ብዙ ሰው ልብ የቆመ ይመስለዋል። አይደለም። ልብ እንደ ውኃ መግፊያ ሞተር ነው፤ ሲደክም መግፋቱን አያቆምም፣ ግን በሚገባ አይገፋም። ያልተገፋው ውኃ እግር ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ሦስት ኪኒን ታዘዘለት። አንደኛው ቶሎ ቶሎ የሚያስሸና። ሁለተኛው ግፊት የሚቀንስ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል የሚያመጣ። ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን ይባላል፤ ልብን ያግዛል፣ ነገር ግን ፖታሲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ያስቀራል። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ የልብን ምት ያዛባል። ስለዚህ ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው በየጊዜው ደሙን ሰጥቶ ፖታሲየሙንና ኩላሊቱን ማሳየት አለበት። በየጠዋቱም ይመዘናል፤ ምክንያቱም እብጠት ለዓይን ከመታየቱ በፊት ሚዛን ላይ ይታያል።

ሻንጣውን እኔው አቅፌ ተመዘንኩ። ሲያልቅ አባቴን ብቻውን አቆምኩት። ሰባ አንድ።

«ይቺን ቁጥር ያዛት» አልኩት። «ውኃ ሳይጠራቀምብህ የምትመዝነው ይሄን ነው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመርክ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። ሚዛኑ ላንተ ይቀራል።»

«እሺ ቲቸር» አለኝ።

አየር ማረፊያ እቴቴ አለቀሰች፣ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ ፓስፖርቴን ነካ ነካ አደረግኩ። ይሰማኛል ብዬ የጠበቅኩት ነገር አልተሰማኝም። አውሮፕላኑ ሲነሣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሲያርፍም ጠበቅኩ።

ያረፍኩት ጀርመን ነው፣ ስሟን ብነግራችሁ የማታውቋት ትንሽ ከተማ። የአባቴ ወርክሾፕ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ በእኔ ደመወዝ ብቻ መቆም ስላቃተው፣ አውስቢልዱንግ የሚሉትን፣ እየሠሩ የሚማሩበትን የአረጋውያን እንክብካቤ ሥልጠና አገኘሁ። ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልምከር፤ ከቋንቋው በፊት ስማችሁን አዘጋጁ። የውጭ ዜጎች ቢሮ የተቀበለችኝ ሴትዮ ከኮምፒዩተሯ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«የቤተሰብ ስም?»

«እኛ አገር የለም። ራሔል የእኔ ነው፣ ቦጋለ የአባቴ ነው።»

«ስለዚህ የቤተሰብ ስምዎ ቦጋለ ነው።»

«አይደለም፤ የአባቴ የራሱ ስም ነው።»

«የእሳቸው የቤተሰብ ስምስ?»

«የአያቴ ስም፣ ኤርሱሞ።»

ቀና አለች። «አባትና ልጅ ሆናችሁ ስማችሁ ይለያያል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቤተሰብ መሆናችሁ በምን ይታወቃል?»

«እንተዋወቃለን» አልኳት።

ይህን የምትጽፍበት ቦታ አልነበራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራው ቦጋለ ሆንኩ፤ በእኛ ወይዘሮ ቦጋለ እንደማለት ነው።

አከራዬ ፍራው ሌማን ደግሞ ከላይ ፎቅ ነው የምትኖረው። በመጀመሪያው ክረምት በሬን አንኳኳች።

«ፍራው ቦጋለ፣ መስኮትዎን አይከፍቱም።»

«በረዶ እየጣለ ነው እኮ።»

«በረዶም ቢጥል በቀን ሦስት ጊዜ ይከፈታል። ሉፍተን!»

«ብርድ ይመታኛል።»

«ብርድ ሰው አይመታም። ሻጋታ ግን ግድግዳዬን ይመታል።»

እስቲ አስቡት፤ በነፋስ ስልክ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት በጣት ያህል ቢከፍት ከኋላ ወንበር «ዝጋው እንጂ ወንድም፣ ልትገድለን ነው?» ይባላል። እዚህ ቤቴን ስለዘጋሁ ተከሰስኩ። ሉፍተን ማለት ቤት ማናፈስ ነው። ካፖርቴን ለብሼ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ እዘጋለሁ። እራት ቀዝቃዛ ዳቦ ነው፤ ምጣድም ድስትም የሚሰማበት ሰዓት አይደለም። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ በኋላ መገረሙም ቀረ።

የአረጋውያን ቤቱ ሥራ ጠዋት ይጀምራል። ኪኒን የሚያድለው ነርሱ ነው፤ ለእኔ ለጀማሪዋ የተሰጠኝ መመዘን ነው። ጎማ ያለው፣ ወንበር የመሰለ ሚዛን አለ። በየክፍሉ እየገፋሁ እገባለሁ፣ ልባቸው የደከመውን አስቀምጣለሁ፣ ቁጥሩን ለነርሱ እነግራለሁ። «ጉተን ሞርገን፣ ፍራው ቦጋለ» ይሉኛል፤ እንደምን አደሩ ማለት ነው። በአባቴ ስም እየተጠራሁ የሰው አባት እመዝናለሁ።

ከሥራ ስወጣ አገር ቤት እደውላለሁ። እዚያ ሊመሽ ነው።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሰባ አንድ።»

«እግርህስ?»

«እግሬ? አለ፤ ሁለቱም።»

«ሳልስ?»

«እቴቴን ጠይቂያት። እኔ ሳስል ቆጣሪዋ እሷ ናት።»

በቪዲዮ ነው የምናወራው። ስልኩን ፊቱ ላይ ለጥፎ ይይዛል፤ ከአገጩ በታች አይታይም። ጋቢ ደርቦ፣ ከጋቢው ሥር ጃኬት ለብሶ ነው። የሚያዝያ ሙቀት እንኳን ጃኬቱን አላስወለቀውም። ብርድ ብርድ ይለዋል ብዬ ተውኩት። በየቀኑ ሰባ አንድ። ሁልጊዜ ሰባ አንድ።

አንድ እሑድ እቴቴ ራሷ ደወለች። ብዙ ጊዜ የምደውለው እኔ ስለሆንኩ ስልኩ ሲጮህ ቆሜ ነበር ያነሣሁት።

«ራሂዬ! ጌታ ይመስገን በይ!»

«ይመስገን። ምን ተገኘ?»

«አባትሽ ወፈረልሽ! ፊቱ ሙልት አለ፣ ቀበቶው ቀዳዳ ለወጠ! መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ አማረብህ እያለው ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቼ መሰከርኩ። ወንድሜን ከሞት ጥላ አውጥቶ እንዲህ አወፈረልኝ ብዬ! ጉባኤው ሃሌሉያ ሲል ብትሰሚ! እሱማ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።»

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ወፈረ ማለት ዳነ ማለት ነው። ከስቶ የነበረ ሰው ፊቱ ሲሞላ እንኳን ደስ ያለህ እንለዋለን። ልብ ድካም ግን ይህን ደስታችንን ይጠቀምበታል። ውኃው ሲሞላ ፊት ይሞላል፣ ሆድ ይሞላል፣ ሱሪ ይጠብባል። እኔ በየጠዋቱ ወንበር እየገፋሁ የምፈልገው ይህን ነው፤ እቴቴ አግኝታው መስክራለታለች።

«እቴቴ፣ ሚዛኑን አይተሻል?»

«ሚዛን ምን ያደርጋል? ዓይን አለኝ አይደል?»

«አሁን አባዬ የት ነው?»

«ተኝቷል። አሁንማ ሦስት ትራስ ደራርቦ ነው የሚተኛው፣ እንደ ባለሥልጣን።»

ሦስት ትራስ። ሳንባው ውኃ የያዘ ሰው ጋደም ሲል ስለሚታፈን ከፍ ብሎ ይተኛል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

«እግሩን ገልጠሽ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። አምስት ቁጠሪና ልቀቂ።»

«ምን ልትሠሪ ነው አንቺ ልጅ?»

«እባክሽ።»

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ፣ ጣሪያው ብቻ ታየኝ። ስትቆጥር ሰማሁ።

«ራሂ» አለች ቆይታ። «ጣቴ የነበረበት ጎድጉዶ ቀረ። እንደ ሊጥ።»

«ውኃ ነው እቴቴ። ስብ አይደለም። ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

«እኔ እኮ መሰከርኩ» አለች። ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። «ጉባኤ ፊት መሰከርኩ።»

ሐኪም ቤት አስተኙት። በእነሱ ሚዛን ሰባ ስምንት ነው። ኪኒኖችህን ትወስዳለህ ወይ ሲሉት ሳላጓድል ብሎ መለሰ። ሐኪሙ መቼም የሚያምነው የሰው ቃል ነውና፣ ኪኒኖቹ አንሰውታል ብሎ የሚያስሸናውን ጨመረበት። ውኃው ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ወደ ቤቱም ተመለሰ። ስልክ ላይ ሳገኘው መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ቁጥሩ ነው።

«አባዬ፣ በየቀኑ ሰባ አንድ ስትለኝ አልነበር?»

«ሚዛኑ ለሻንጣ የተገዛ ነው» አለኝ። «ለሰው አይሆንም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ካፖርቴን ለብሼ መስኮት ከፈትኩ።

እቴቴ በሌላ ቀን በጨዋታ መሐል ያለችኝ ነው የቆረቆረኝ። «ሦስተኛውን ኪኒን ልግዛ ስለው ገና አለኝ ይላል። ስንት ወር ሙሉ ነው ገና አለኝ የሚለው? እየወለደ ነው እንዴ ኪኒኑ?» ስለዚህ አቁሞታል። ለምን እንዳቆመ ግን አላውቅም። ብጠይቀው እየወሰድኩ ነው አለ። ማቅለሽለሽ ነው? ራስ ማዞር ነው? ሁሉንም ጠየቅኩት፤ ሁሉንም የለም አለ። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ሐኪሙ አያውቅም፣ እሱ አይናገርም። እንዲህ ከቀጠለ ውኃው ተመልሶ እንደሚሞላ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በዚህ ቅለት እንደማይወጣ አውቅ ነበር። አውቄም ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። በየጠዋቱ ወንበሩን ገፋሁ።

መልሱ የመጣው ከሄር ክራውዘ ነው። ሄር ክራውዘ፣ በእኛ አቶ ክራውዘ፣ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ ባቡሩ እየጮኸ እንዳለ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። አንድ ጠዋት ቁርስ ክፍል ወንበሬን ይዤ ስገባ ብድግ አለ።

«ፍራው ቦጋለ! ይሄ ኪኒን ሴት አደረገኝ!»

ሸሚዙን ፈታው። እዚያው፣ ሁሉም ዳቦ ላይ ማርማላታ እየቀባ ባለበት። ጡቶቹ አብጠው ነበር።

«ይንኩት! ሸሚዝ እንኳን ሲነካው ያመኛል!»

«ሄር ክራውዘ» አለች አጠገቡ ያለችው አሮጊት ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ «ይዝጉት። የእኔ ስለበለጠብዎ ቀንተው ነው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ነርሱ መጥቶ አየው፣ ሐኪም ተጠራ፣ ነገሩ አለቀ። ስፓይሮኖላክቶን ነበር። የወንድ ሆርሞንን ጥቂት ስለሚነካ አንዳንድ ወንዶች ላይ ጡት ያሳብጣል፣ ያሳምማል። ብዙ ጊዜ አደገኛ አይደለም፤ ሐኪም ግን ማወቅ አለበት። ሌላ መፍትሔም አለው፤ ኤፕሌረኖን የሚባል የዚያው ቤተሰብ ኪኒን አለ፣ ይህን ችግር እምብዛም አያመጣም። ለሄር ክራውዘ ተቀየረለት።

እኔ ወንበሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጃኬቱ፣ ጋቢው፣ አገጩ ላይ የሚቆመው ስልክ አንድ በአንድ መጡብኝ። ጉባኤ ፊት አንገቱን መድፋቱ መጣብኝ። ያ ሰውዬ፣ ደረቱ ቀድሞት ይደርስ የነበረው።

አሁን ምን ልበለው? አባት ለሴት ልጁ ስለ ጡቱ አያወራም። ለእህቱም አያወራም። ልጅም «አባዬ፣ ጡትህ አብጧል ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ቃሉን በአፌ ሞከርኩት፤ አልወጣም። ስለዚህ ማታ ስደውል ስለ እሱ አልጠየቅኩትም።

«አባዬ፣ እዚህ አንድ ሽማግሌ አለ። ባቡር ነጂ የነበረ።»

«እ።»

«እሱም ልቡ ደካማ ነው። ያንን ሦስተኛውን ኪኒን ይወስዳል።»

ጋቢውን ወደ አገጩ ሳብ አደረገ።

«ዛሬ ቁርስ ላይ ተነሥቶ ሸሚዙን ፈታና ደረቴ አበጠ፣ አመመኝ፣ ሴት ሆንኩ ብሎ ጮኸ።»

«ሰው ፊት?»

«ክፍል ሙሉ ሰው ፊት።»

«ፈረንጅ እኮ ነውር አያውቅም» አለ። ከጀርባው የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። «ሚስት የለውም?»

«ሞታለች።»

«ልጅስ?»

«አለው። አይመጣም።»

ስልኩን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«ታዲያ... ሽማግሌው ምን ተደረገ?»

«ሐኪሙ ምንም አልገረመው። የኪኒኑ ጠባይ ነው፣ ስንት ወንድ ላይ ይመጣል አለው። ደሙን መረመረና በሌላ ቀየረለት። ደረት የማይነካ አለ።»

«ያበጠውስ?»

«ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ብዙ ጊዜ ይመለሳል ነው ያሉት። ደግነቱ በራሱ ሥልጣን አላቆመውም፤ አቁሞት ቢሆን ውኃው ይሞላው ነበር።»

«ሽማግሌው ልጅ ነው እንዴ በራሱ ሥልጣን የሚያቆመው?» አለ አባቴ።

«አይደለም» አልኩ።

በሳምንቱ እቴቴ እየተንጨረጨረች ደወለች። «ሐኪሙ ጋ ይዤው ብሄድ ከክፍል አስወጣኝ! እኔን! የገዛ እህቱን! በሩን ዘግተው ተንሾካሾኩ፤ ሲወጣ ኪኒኑ ተቀይሯል። ምን እንደተባባሉ ጌታ ይወቅ።»

«ይቅር እቴቴ፤ አዲሱን ኪኒን አገኛችሁ?»

«ስንት መድኃኒት ቤት የለም አሉን! ብስራተ ገብርኤል ነው በመጨረሻ የተገኘ።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዲሱም ኪኒን ፖታሲየም ያስቀራል፤ ስለዚህ በሳምንቱ ደሙ ተመረመረ። ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔ ከርቀት ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው ሊጠይቁ የሚመጡት ሁሉ ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃላችሁ።

«ራሂ፣ ሐኪሙ ሙዝ ከለከለ» አለች እቴቴ። «ብርቱካንም። አቮካዶም። ሙዝ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ፖታሲየም አለው። ኪኒኑ የሚያስቀረው ላይ ይጨመራል።»

«ሰው ባዶ እጁን ይምጣ ነው የምትይኝ? ጠረጴዛው ሙዝ በሙዝ ሆኗል እኮ!»

«ተቀበያቸውና አንቺ ብዪው።»

«እኔማ በልቼ በልቼ ሙዝ ሳይ ያንገሸግሸኛል።»

መጠኑን በግማሽ ቀነሱለት፣ ሙዙ ወደ ጎረቤት ልጆች ሄደ፣ ደሙ ድጋሚ ታየና ወረደ። ክብደቱም እየወረደ መጣ፤ ሰባ አራት፣ ሰባ ሦስት።

ከዚያ በኋላ እኔና አባቴ ስለ እሱ ሕመም አውርተን አናውቅም። የምናወራው ስለ ሽማግሌው ነው።

«ሽማግሌው እንዴት ዋለ?» ይለኛል።

«ደረቱ ቀለል ብሎታል። ሸሚዝ ሲለብስ አያመውም አሁን።»

«እህ። እንደዚያ ነው» ይላል አባቴ።

ሄር ክራውዘም በበኩሉ ይጠይቀኝ ጀመር። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚመዘን ከነገርኩት ወዲህ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «አባትዎ ስንት ናቸው ዛሬ?» ይላል። ስነግረው «ይንገሯቸው፣ ክራውዘ ሰባ አራት ላይ ቆሟል፣ ንቅንቅ የለም!» ይላል። ለአባቴ ሳደርስለት ይስቃል። ውድድር ሆነ፤ ማን ሳይነቃነቅ ይቆያል የሚል። አንድ ቀን አባቴ «እስቲ በቪዲዮ አሳይኝ ይሄን ሰውዬ» አለኝ። ነዋሪዎችን መቅረጽ ክልክል መሆኑን አስረዳሁት።

«ተይው እንግዲህ» አለ። «ሰላም በይልኝ።»

ዛሬ ጠዋት ወንበሩን እየገፋሁ ወደ ሄር ክራውዘ ክፍል ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከውስጥ ቅዝቃዜ ይወጣል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ላይ አንሶላው እስከ አገጩ ተስቦለታል። ነርሱ ጠረጴዛው ላይ ሻማ እያበራ ነበር።

«በእንቅልፉ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዘጠና ሊሞላው ነበር።»

«መስኮቱስ?»

«ሰው ሲሞት እንከፍታለን። እንዲወጣ።»

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። የሚመዘን ሰው ስላልነበረ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ነው። በረዶ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ውኃ ይሆናል። ይሰማኛል ብዬ የጠበቅኩት አሁንም አልመጣም። ከዚያ ወንበሩን አዙሬ ወደሚቀጥለው ክፍል ገፋሁ። «ጉተን ሞርገን፣ ፍራው ቦጋለ» አሉኝ።

ማታ አገር ቤት ደወልኩ። አባቴ ወዲያው አነሣው። ፊቱ ከስቷል ልበል ወይስ ሞልቷል፣ በስልክ መብራት አይለይም። ከአገጩ በታች ጋቢው አለ።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ዳቦ?»

«ዳቦ።»

«ምስኪን» አለ። «ሽማግሌውስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«መዘንሽው?»

«መዘንኩት።»

«ስንት ሆነ?»

«ሰባ አራት።»

«አልተነቃነቀም?»

«አልተነቃነቀም።»

«በርታ በይልኝ» አለ። «እኔም ዛሬ ሰባ አንድ ገባሁ። አሸነፍኩት በይው።»

ሰባ አንድ። የዚያ የሻንጣው ማታ ቁጥር። ሚዛኑ ላይ ቁምና ቁጥሩን በስልኩ አሳየኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ሚዛኑን አሳየኝ ብለው፣ እሱም ሽማግሌውን አሳይኝ ቢለኝስ?

«ጎበዝ አባዬ» አልኩት።

«እሺ ቲቸር» አለኝ። «ደህና እደሪ።»

ስልኩ ሲዘጋ ካፖርቴን ለበስኩና መስኮቱን ከፈትኩት። ከላይ ፎቅ የፍራው ሌማን ኮቴ ይሰማል። እስካሁን አልዘጋሁትም።